የእናት ሰዓት

ደሴ ውስጥ እናት የምትመጣው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጤና ጣቢያ ያዘዘላቸው ሰዎች ሰዓቱ ሲቃረብ የያዙትን ሥራ አስቀምጠው ጥግ ጥግ ይይዛሉ፤ የእጃቸው አምባር ሞቅ ይላል፤ ከዚያ እናት መናገር ትጀምራለች። አባት የታዘዘላቸው ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይሰማሉ። መስመሩ እንዳይጨናነቅ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ትርንጎ የታዘዘላት እናት ብቻ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣውን ኬብል ካር ስታንቀሳቅስ ትውላለች፤ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች ሸኝታ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ሥር ካለችው ወንበር ላይ ዘፍ ትልና ጫማዋን ታወልቃለች። "ትርንጎዬ፣ የኔ ልጅ፣ እንዴት ዋልሽልኝ?" ይላታል አምባሩ። ድምፁ የእናቷ የወይዘሮ አስካለ ነው፤ ሻካራነቱም፣ የቃል መጨረሻ ላይ ሳብ ማድረጉም የሳቸው ነው። ወይዘሮ አስካለ ግን በሕይወታቸው "ትርንጎዬ" ብለው አያውቁም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሕጉ ከተለወጠ ቆይቷል። እንደ ትርንጎ ያሉ፣ በመዝገብ ትራንስጀንደር ተብለው የተጻፉ ሰዎች በመረጡት ስም መታወቂያ ያወጣሉ፣ ይቀጠራሉ፣ ቤት ይከራያሉ፤ ዝንባቸውን እሽ የሚል የለም። የቤተሰብ በር ግን በአዋጅ አልተከፈተም። ሐኪሞቹ ለዓመታት ሲከታተሉ አንድ ነገር አረጋገጡ። ቤተሰቡ እቅፍ ያደረገው ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ቤተሰቡ ፊት የነሣው ሰው ግን እንቅልፍ አጥቶ፣ ራሱን ጠልቶ፣ አንዳንዱም ጨርሶ ሲጠፋ ያዩታል። መጀመሪያ ቤተሰብ የሚያሳምኑ አማካሪዎች ላኩ። አማካሪዎቹ በየሳሎኑ ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ኋላ ላይ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ፣ መድኃኒቱ ቤተሰብ ከሆነ ለምን አናከፋፍለውም አለ።

ከቤተሰብ የተፈለገው ድምፅ ብቻ ሆነ። አንድ ረፋድ ተቀምጦ ማውራት፣ መፈረም፣ ወደ ቤት መሄድ፤ የቀረውን በዚያ ድምፅ ማሽን ያወራዋል። በየለቅሶውና በየሠርጉ "እኛ ድምፃችንን ሰጥተናል" የሚል ሰው በዛ፤ ድርሻውን የተወጣ ሰው አነጋገር ነው። መድኃኒቱም ሠራ። የሟች ቁጥር ወረደ፣ እንቅልፍ ተመለሰ። በሪፖርቱ ላይ የሚከራከር አልተገኘም።

ትርንጎም ብትጠየቅ ስለ መድኃኒቱ ክፉ አትናገርም ነበር። የምታሳዝን ሴት አይደለችም። ማን ከማን ጋር ተራራ እንደሚወጣና ማን ተጣልቶ ለብቻው እንደሚወርድ የምታውቅ፣ ተሳፋሪውን ነገር ጣል እያደረገች የምታስቅ፣ የሠፈር ሠርግ ላይ ማንም ሳይለምናት መሐል ገብታ ትከሻዋን የምትሰብቅ ሰው ናት። ስሟን ከእናቷ እናት ነው የወሰደችው። አያት ትርንጎም እንደሷ ረጅም፣ እንደሷ አፈኛ ነበሩ ይባላል። ልብ ሲረጋ አረንጓዴ፣ ሲረበሽ ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ የሚሆነው አምባሯ ለዓመታት ከአረንጓዴ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

ከአረንጓዴው በፊት ግን አንድ ዓመት አለ። ትርንጎ "ያ ዓመት" ትለዋለች እንጂ ሌላ ስም አትሰጠውም። እናቷ ሐይቅ ከተማ፣ ትርንጎ የተወለደችበት ቤት ውስጥ ሆነው፣ ልጃቸው ሴት ሆና ደሴ መኖሯን የሰሙ ለታ አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እድራቸው ሄዱና "ልጄን ቆላ ላይ ጎርፍ ወሰደብኝ፤ ሬሳውም አልተገኘም" አሉ። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ የሚነፋውም እንደ ድሮው ሰው ሳይሆን ከጣሪያ ጣሪያ የሚዞር ድሮን ነበር። ድንኳን ተጣለ፤ ሐይቅ ከተማ ሦስት ቀን ተቀምጦ አለቀሰ። ትርንጎ የገዛ ራሷን ሞት የሰማችው ከአንድ ተሳፋሪ አፍ ነው። "የአስካለ ልጅ ሞቶ ከለቅሶ እየተመለስኩ ነው፤ ምን የመሰለ ጎረምሳ መሰለሽ" አላት። እሷም "ነፍስ ይማር" ብላ አወረደችው።

ከዚያ ለታ በኋላ ከአልጋ መነሣት አቃታት። እህል አፈር አፈር አላት፤ ሳቋን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሐያት በየማለዳው በሯን ባታንኳኳ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። የእናቷን ድምፅ ያመጣችላትም ሲስተር ሐያት ናት። ወይዘሮ አስካለ አልቅሰው ለሸኙት ልጅ ድምፅ ሲሰጡ ማንም አልተገረመም፤ ወረቀቱ የሚጠይቀው ፊርማ እንጂ ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር፣ አንድ ረቡዕ ማታ አምባሩ ሞቀ፤ እናቷ ግን አልተናገረችም። ሰው ትሁን ማሽን ያልለየላት አንዲት ወጣት ተናገረች።

"ክብርት ትርንጎ፣ ድምፅ ሰጪዎ ፈቃዳቸውን አንሥተዋል። አገልግሎትዎ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ምትክ እናት እንዲመደብልዎ ጤና ጣቢያ ይቅረቡ። ምሽትዎ ያማረ ይሁን።"

ትርንጎ አንዱን ጫማ አውልቃ ሌላውን እንዳደረገች ቀረች። ዱብ ዕዳ ሆነባት። አንድ ጊዜ ድንኳን የጣሉባት እናቷ፣ አሁን ደግሞ ለሙት የሰጡትን እንኳ መልሰው ወሰዱት ማለት ነው። ያ ዓመት ከበሩ ጀርባ ቆሞ የሚጠብቃት መሰላት፤ ፈራች። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ቁጣ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት።

በማግሥቱ ሲስተር ሐያት ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከጥድ ሥር አስቀመጠቻት። እርጅና ጀምሯታል፤ የነርስ ጋዋኗ ኪስ ግን ዛሬም በከረሜላ የተሞላ ነው።

"የሳይንት እናት አለችን" አለቻት። "ሰው ሁሉ እሷን ስጡኝ ይላል። ሳቅ ታውቃለች። የኮምቦልቻዋ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ ለማሰብ ትመቻለች።"

"እናት አጥቼ መሰለሽ እንዴ ሲስተር? እናቴማ አለች። ሐይቅ ተቀምጣለች።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆሜ ለምን ወሰድሽብኝ ልላት ነዋ።"

ሲስተር ሐያት ከረሜላ ልጣ ለትርንጎ ሰጠቻት፤ ለራሷም አንድ ላጠች። "መመሪያው አትሂጂ ይላል" አለች። "እውነተኛው ቤተሰብ ይረብሻል፣ ድምፁ ግን አይረብሽም ይላል። ደግሞ እውነት ነው፤ ሄደው ቀይ ሆነው የተመለሱ ብዙ አይቻለሁ።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ..." ሲስተር ሐያት ከረሜላዋን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረች። "እኔ ሂጂ አልልሽም። ከሄድሽ ግን ብቻሽን አይደለሽም። ቀይ ካለ ደውይልኝ። የማነሣው ራሴ ነኝ፤ ድምፄ አይደለም።"

እሑድ የትርንጎ ዕረፍት ነው። ብርቱካናማ ቀሚሷን ለበሰች፣ የጆሮ ጌጧን አደረገች፣ አስባበት ነው፤ ተለማማጭ መስላ መሄድ አልፈለገችም። ሾፌር አልባው አውቶብስ ከደሴ እየተጠማዘዘ ወርዶ ሐይቅ አደረሳት። የውኃው ዳር ድሮ እንደምታውቀው ነበር፤ የዓሣ ማርቢያዎቹ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው ሰማዩ ውኃው ላይ እንዳይታይ ጋርደውታል። የእናቷን ግቢ የቆርቆሮ በር ስታንኳኳ አምባሯ ቢጫ ሆነ።

ወይዘሮ አስካለ ከፈቱ። አጥረዋል፤ ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። የመጣችውን ሴት ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት፤ ቀሚሷን፣ የጆሮ ጌጧን፣ መጨረሻ ላይ ዓይኗን።

"ግባ" አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው "ግቢ። ደጅ ቆመሽ ለሰው አታሳይኝ" አሉ።

ትርንጎ ገባች፤ ወንበር ግን አልያዘችም። "ለምን ወሰድሽብኝ እማዬ?"

"ምኑን?"

"ድምፅሽን። አንድ ያስቀረሽልኝ ነገር እሱ ነበር።"

ወይዘሮ አስካለ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ ይዘው ይጠቀልሉት ጀመር። "ፈቃዱ ይታደስ ብሎ አንድ ጎረምሳ መሣሪያ ይዞ መጣ። እስቲ የሠራችሁትን ልስማው አልኩት። ካንቺ ጋር የተወራውን አሰማኝ።"

"እና?"

"እና ያች ሴትዮ ማናት?"

"አንቺ ነሻ!"

"ኧረ ወዲያ! እኔ አይደለሁም!" ወይዘሮ አስካለ ነጠላውን ጣሉት። "ጉንፋን ይዞሽ ትስያለሽ፤ እሷ ስለ ሰማዩ ማማር ታወራልሻለች። በኔ ድምፅ! አንድ ቀን እንኳ በላሽ ወይ ብላ አትጠይቅሽም! ብርድ ላይ እንደምትውይ እያወቀች ጋቢ ደርቢ አትልሽም! እንዴት ያለች እናት ናት?"

"በላሽ ወይ የሚለው ጥያቄ እኮ ሆን ተብሎ ነው የወጣው። ሲሞከር ጭንቀት ጨመረ አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"ጥናቱ።"

"ጥናቱ እናት የለውም?"

ትርንጎ ልትስቅ ነበር፤ ያዘችው። እናቷ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

"አንችም ሳቅሽላት" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ሳቅሽን ሳልሰማ ኖሬ፣ ለሷ ስትስቂ ሰማሁሽ። ቀናሁ። እንደ ጣውንት ቀናሁባት። ያን ለታ ጠዋት ነው ንቀሉልኝ ያልኩት።"

ትርንጎ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ድምፃቸውን የነጠቋት በጥላቻ ነው ብላ ነበር የመጣችው። በቅናት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም?" አለች።

"በምን ፊቴ? በቁምሽ ድንኳን ጥዬብሽ?" ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ተነሡ። "ግን ሳስብ ነው የከረምኩ። መላም አግኝቻለሁ።" ከቁምሣጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ነጭ ማር አወጡ። "የጡት ልጅ አደርግሻለሁ።"

የጡት ልጅነት የቆየ ወግ ነው። ያልወለደ ሰው፣ ወይም የወለደም፣ አንድን አዋቂ ልጄ ብሎ ሲይዝ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው የቤቱ ልጅ ነው። ጋብቻው፣ ለቅሶው፣ ውርሱ ሁሉ የልጅ ይሆናል። የሐይቅ ሰዎች ብዙ ነገር ትተው ይህን አልተዉም። ወይዘሮ አስካለ ያሰቡትም ይህንኑ ነው። የእድሩ ደንብ በሐሰት ድንኳን ያስጣለን ሰው ያስወጣል። እድር የሌለው ሰው ደግሞ ሐይቅ ውስጥ ሲሞት ሬሳውን የሚያነሣ የለም፤ ድሮኗም ጡሩምባ አትነፋለትም። የጡት ልጅ ግን ያለ ጥያቄ ይመዘገባል። ልጃቸው እንደሞተ ይቆያል፤ አዲስ ልጅ ይገባል፤ እድርም አይጠፋም፣ ልጅም አትጠፋም።

"ዛሬ ስብሰባቸው ነው" አሉ ፊታቸው በርቶ። "አያ ይመርን ላስፈቅድና ነገ ደሴ ልመጣልሽ ነበር። ይኸው ራስሽ መጣሽ። ማንም አይጎዳ፣ ማንም አያፍር። ምን ይልሻል?"

ትርንጎ ማሩን አየችው። ጥሩ ማር ነው፤ ሳይመረጥ አልተገዛም። እናቷ ስንት ቀን ሲያወጡ ሲያወርዱ እንደከረሙ ከፊታቸው ይነበባል። እሺ ብትል ከዛሬ ማታ ጀምሮ እናት አላት፤ እውነተኛ እናት፣ የምትቆጣ እናት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አልሆንም።"

"ምን አልሽ?"

"የጡት ልጅ አልሆንም እማዬ። የጡት ልጅ የሚሆነው የሰው ልጅ ነው። እኔ ያንቺ ነኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከምሽው እኔን ነው። ኩፍኝ ይዞኝ ስምንት ሌሊት ያላንቀላፋሽው ለኔ ነው። ያኔም እኔው ነበርኩ፤ አላየሽኝም እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም። አሁን እሱ ሞቶ እኔ አዲስ እንግዳ ሆኜ ልግባ? ያቺ የአምባሩ ሴትዮ የውሸት እናት ናት ብለሽ ተቆጣሽ። እኔንስ የውሸት ልጅ ልታደርጊኝ ነው?"

"ታዲያ ምን ላድርግልሽ?" ወይዘሮ አስካለ ጮኹ። "በእርጅናዬ እድር አልባ ልሁን? እንደ ውሻ ሜዳ ልቅር?"

"አልሞተችም በይ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አምባሩ ቀይ ሆነ። በለሰለሰ ድምፅ፣ ረብሻ እንደታየና ከአካባቢው ዞር ማለት እንደሚመከር ተናገረ። ትርንጎ ሰማችው። ነገር ግን በዚያ ዓመት እንደነበረው ባዶ አልሆነችም። የተናገረችው እውነት ነው፤ በገዛ አፏ፣ በገዛ እናቷ ፊት ተናግራዋለች። ቢቀላ ይቅላ ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

ወይዘሮ አስካለ ግን ቀድመዋት ወጡ። ነጠላቸውን ከወለሉ አንሥተው አጣፉና በሩን ከፍተው መንገድ ጀመሩ። ትርንጎ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳታውቅ ከኋላቸው ተከተለች።

የእድሩ አዳራሽ ከውኃው ዳር ነው። የተጠቀለለው ድንኳን ጥግ ላይ ቆሟል፤ አባላቱ ወንበር ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው አቶ ይመር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይናገራሉ። ወይዘሮ አስካለ ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ለአጥር ከተቆለለው ጥርብ ድንጋይ አንዱን ጎንበስ ብለው ያዙ። ከበዳቸው። ትርንጎ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ "አትንኪኝ" አሉ። ድንጋዩን እንደምንም አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አሳረፉና፣ እንደ ቀድሞው ይቅርታ ጠያቂ ጎብጠው፣ ባዶ እግራቸውን ገቡ።

አቶ ይመር ንግግራቸውን አቋረጡ።

"እድርተኞች" አሉ ወይዘሮ አስካለ ወደ መሬት እያዩ። "በድያችኋለሁ። ልጄን ጎርፍ ወሰደብኝ ብዬ አስለቅሻችኋለሁ። ጎርፍ አልወሰደብኝም። ልጄ ደሴ ነበረች። ያውላችሁ፣ በር ላይ ቆማለች። ትርንጎ ትባላለች፤ የእናቴ ስም ነው። የወለድኳት እኔ ነኝ። ያኔም እሷው ነበረች፤ እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ። አልሞተችም። በቁሟ የገደልኳት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ትርንጎ ከሠላሳ ዓመት በፊት በየቤታቸው ቂጣ የበላችባቸውን ፊቶች አየች። አንገቷን አልደፋችም። ሁለት ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አራግፈው፣ እሷን ላለመንካት ጠበብ ብለው አጠገቧ አልፈው ወጡ። ሌሎቹ ቀሩ።

"እኔስ ያን ለታ ደረቴን ስደቃ ነው ይሄ ጎኔ የታመመው" አሉ አንዲት ባልቴት ከኋላ፣ በጣም ተቀይመው። "ለካ በከንቱ ነው!"

"ኧረ ተዪ፣ ግማሻችን እናውቅ አልነበረም እንዴ?" አለ አንድ ሰው።

"ብናውቅስ?" አሉ አቶ ይመር። "ድንኳን ከተጣለ ይለቀሳል።" መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ትርንጎን አተኩረው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። "ቁመቷ የእሜቴ ትርንጎ ነው" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞሩ። "አስካለ፣ ደንብ ደንብ ነው። ጨርሰን አናስወጣሽም፤ እውነቱን በራስሽ አፍ ተናግረሻል። ግን አንድ ዓመት ከእድር ውጪ ነሽ። በዚህ ዓመት ብትሞቺ ድንኳን የለም፣ ቀባሪም የለም።"

"እንግዲያማ አልሞትም" አሉ ወይዘሮ አስካለ ከድንጋዩ ሥር።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ፤ የተቀየሙት ባልቴትም ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ይመር እንደ ወጉ ድንጋዩን ሊያወርዱላቸው ተነሡ። ወይዘሮ አስካለ ግን ፈቀቅ አሉ።

"አያ ይመር፣ የናንተን ይቅርታ ተቀብያለሁ። ይህን ድንጋይ የምታወርደው ግን እሷ ናት።" እንደጎበጡ፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በሩ ድረስ መጥተው ከልጃቸው ፊት ቆሙ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ካላወረድሽውም አይከፋኝም" አሉ። "ተሸክሜው እኖራለሁ።"

ትርንጎ የእናቷን ማጅራት አየች። ቀጭን ነው፤ የድንጋዩ ጠርዝ ቆዳውን አቅልቶታል። ያ ዓመት ሁሉ በአንዴ መጣባት፤ አልጋው፣ አፈር አፈር የሚለው እህል፣ "ነፍስ ይማር" ያለችበት የገዛ ለቅሶዋ። ትታቸው ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም፤ ይህንንም ታውቃለች። ተበድላለች፤ በደሉ ደግሞ በአንድ ድንጋይ የሚያልቅ አይደለም። ግን እናቷ ከሰው ሁሉ ፊት፣ ቀባሪያቸውን አሲዘው፣ አልሞተችም ብለዋል። ሌላ ምንም አልፈልግም ያለችው ራሷ ናት።

ቀኑን ሙሉ ብረት ማንሻ በሚገፋው እጇ ድንጋዩን ብድግ አድርጋ ከበሩ ውጪ አስቀመጠችው።

"ዛሬ ድንጋዩን ላውርድልሽ" አለች። "የቀረውን ቀስ እያልን።"

"ቀስ እያልን" አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ቀና ለማለት ሲሞክሩ ወገባቸው እምቢ አላቸውና የልጃቸውን ክንድ ያዙ። ክንዷን እንደያዙ በሐይቅ ከተማ መሐል መንገድ፣ ሰው በየደጁ ቆሞ እያያቸው፣ ወደ ቤት ሄዱ። ትርንጎ እያንዳንዱን ቤት በስሙ ሰላም እያለች አለፈች። አንዳንዱ መለሰ፣ አንዳንዱ በሩን ዘጋ።

ቤት ሲደርሱ አምባሩ ጮኸ። ሲስተር ሐያት ናት፤ ራሷ።

"እኔ ጋ ቀይ ሆነሽ ከታየሽ ቆየሽ! አለሽ?"

"አለሁ ሲስተር። ከምንም ጊዜ በላይ አለሁ።"

"አልቅሰሻል?"

"አላለቀስኩም። ማታ ሳላለቅስ አልቀርም።"

"አልቅሺ። ነገ ከሥራ በፊት በኔ በኩል እለፊ፤ ቁጭ ብለን እናወራለን" አለችና ዘጋች።

ወይዘሮ አስካለ ወገባቸውን በትራስ አስደግፈው ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የማር ብልቃጥ ያያሉ። "እንግዲህ ይህ ማር ምን ይሁን?" አሉ። "ለወግ የተገዛ ነው።"

"ዳቦ የለሽም?"

ዳቦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆርሰው፣ ብልቃጡ ውስጥ እየነከሩ፣ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። ወይዘሮ አስካለ ሁለት ጊዜ በድሮው ስም ሊጠሯት ጀምረው መሐል ላይ ዋጡት፤ ትርንጎም ሁለቱንም ሰማች፤ አንዱ ሆዷን አባባው፣ ሌላው አሳቃት። አምባሯ ከቀይ ወደ ቢጫ ወረደ፤ እዚያው ቆመ።

"ቢጫ ምን ማለት ነው?" አሉ እናቷ።

"ተረብሻለች ማለት ነው።"

"ለኔም ቢያስሩልኝ ቢጫ ነበር" አሉና ሌላ ዳቦ ቆረሱ።

ውጪው እየመሸ ነበር። ከውኃው በኩል የዓሣ ማርቢያዎቹ መብራት መጣ። አንድ ሰዓት ሲሆን አምባሩ እንደ ልማዱ ሞቀ፤ ያቺ ሰው ትሁን ማሽን ያልለየላት ወጣት ተናገረች።

"ክብርት ትርንጎ፣ የእናት ሰዓትዎ ደርሷል። በአሁኑ ጊዜ የተመደበልዎ እናት የለም። ምትክ እናት እንዲመደብልዎ ይፈልጋሉ?"

ትርንጎ መመለስ አልቻለችም፤ ወይዘሮ አስካለ ማር ያንጠባጠበ ትልቅ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከትተውባታል። እናቷ እጇን ሳብ አድርገው አምባሩን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ።

"ቆይ" አሉት። "እየበላች ነው።"